ድሪፒንግ ማለት

የካቲት 11 ቀን 1977፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። ዛሬም ከሮተርዳም አጠገብ፣ ቭላርዲንገን፣ የእንግሊዝ መርከበኞች ምግብ ቤት። ድንች መላጥ፣ ሳህን ማጠብ፣ እንደገና ድንች... የሚበሉት ሁሉ ሥጋ ነው። ቋሊማ፣ በሊጥ የታሸገ የኩላሊት ፓይ፣ በላዩ ግሬቪ የሚሉት ቡናማ ስጎ። እሱን ያላለበሱት ነገር የለም። ለእኔ የሚሆን ድንች ጥብስና የተፈጨ አረንጓዴ አተር ብቻ አገኘሁ። አተሩ በርበሬ አይቶ የማያውቅ ክክ ነው። ይሁን፣ ጾም አይደል?

የዘንድሮው ስለ ሽባባው ነው። ወንድሜ በእግሩ ወደ ሱዳን ከወጣ ወዲህ ወሬው የለም። ጌታዬ፣ አንድም ቀን ሳልገድፍ እጾማለሁ፣ አንተ ብቻ በሕይወት አውጣልኝ ብዬ ተስያለሁ።

የካቲት 20

አለቃዬ ሚስስ ዶት ብዙወርቅ ማለት አቅቷት "ቢዚ" አለችኝ። ሥራ የበዛበት ማለት ነው። ልክ ብላለች። ድንቹ የሚጠበስበት ነጭ ነገር ምንድን ነው አልኳት።

"ድሪፒንግ፣ ላቭ።" ሁሉንም ሰው ላቭ፣ የኔ ፍቅር ነው የምትለው።

ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት አየሁ። የሚንጠባጠብ ይላል። ዘይት ነው ማለት ነው። በዚህ ብርድ ምን የማይረጋ አለ? ተመስገን።

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ሥጋ አቅራቢው መጣ። ከሥጋው ጋር የድሪፒንጉን ባልዲ አወረደ። ሥጋ ሻጭን ከዘይት ምን አገናኘው? ሚስስ ዶትን ጠየቅኳት።

"ከበሬ ነው እንጂ፣ ቢዚ! አለዚያ ምን ይጣፍጣል?"

የበሬ ስብ... ጾሙ ከገባ ጀምሮ ስገድፍ ኖሬአለሁ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሽባባው፣ ምን አደረግኩህ?

መጋቢት 8

ሮተርዳም፣ አቶ ሓጎስ ዘንድ ሄድኩ። ወደብ ላይ የሚሠሩ የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል። ንስሐ የሚቀበለኝ ቄስ የት አለ? አልኳቸው።

"ሳታውቂ ነው፣ የኔ ልጅ። እሱ የሚያየው ልብ ነው።"

"እርስዎ እንዳሉት ያድርገው" አልኳቸው። ልቤ ግን እምቢ አለ።

መጋቢት 10

ስብ አልበላም ስላት ሚስስ ዶት ትንሽ መጥበሻ ገዛችልኝ። ዘይት ብቻ የሚገባባት። "ማንም አይነካብሽም፣ ላቭ።" ስለ ጾሙ የገባት ነገር የለም፤ ግን ገዛች።

ሚያዝያ 2

አቶ ሓጎስ ምግብ ቤቱ ድረስ መጡ። እዚህ መጥተው አያውቁም። ገና ከበሩ ሳያቸው የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ። ከገዳሪፍ የመጣ ሰው ነግሯቸው... ወባ ነው። መንገድ ላይ ቀበሩት።

"መቼ?"

"ከገና በፊት ነው፣ የኔ ልጅ።"

ከገና በፊት...

ሚያዝያ 3

ስቡ አልገደለውም። ጾሙም አያድነውም ነበር። የተሳልኩት ለሞተ ሰው ነው። ጥፋቱ የእኔ ቢሆን እንኳ በተሻለኝ።

ሚያዝያ 4፣ ስቅለት

አልሰገድኩም። ሥራ ገባሁ። ሚስስ ዶት ትንሿን መጥበሻ ጥዳ ጠበቀችኝ። "ተይው" አልኳት። ድንቹን ከትልቁ መጥበሻ፣ ከድሪፒንጉ አወጣሁ። ግሬቪም አፈሰስኩበት። ቆሜ በላሁት፣ አንድ ሳላስቀር። እውነቷን ነው፣ ይጣፍጣል።

ትከሻዬን መታ መታ አደረገች። "እንዲህ ነው እንጂ፣ ቢዚ! አሁን የኛ ሰው ሆንሽ።"

ሳቅኩላት። ትንሿን መጥበሻ አጥቤ ሰቀልኳት።