ወፍ ያላረፈበት ማሽላ

ሀብሩ፣ ከግራና በታች
ጥቅምት 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለባለቤቴ እናት፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ የደሴን ብርድ እንዴት ቻለው? ናጅዋና ልጆቿ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ይህን ደብዳቤ ሼህ ኢስሐቅ በጥምጣማቸው ሸሽገው ያመጡልዎታል፤ ዕድሜያቸው ስለገፋ ኬላ ላይ ብዙም አይፈትሿቸውም። የምታነብልዎት ልጅዎ ናጅዋ ብቻ ትሁን፤ እሷም ድምጿን ዝቅ ታድርግ።

እማ፣ ከዚህ የሄደ ሰው «ምራትዎ እጇን አጣጥፋ ማሽላውን ለግሪሳ ወፍ ሰጠችው» ብሎ እንደነገረዎት ሰማሁ። ማዘንዎንም ሰማሁ። አልቀየምዎትም፤ ማሽላውን ያስበላሁት እኔው ነኝ። ግን እጄን አጣጥፌ አይደለም።

ልጅዎ ወደ እርስዎ ብሎ ቢነሳም ደሴ አልገባም። መርሳ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋበትና በነሐሴ መጨረሻ ተመልሶ መጣ። አገሩን የያዙት ታጣቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ወንድ ይወስዱ ነበር፤ የወሰዱትም ሲመለስ አላየንም። ማሽላው ያኔ ከሰው ቁመት አልፎ ስለነበር መሀሉ ገብቶ ተኛ። እኔም ለመንደሩ ሁሉ «ደሴ ገብቷል፣ እናቱ ጋ ነው» ብዬ አወራሁ። ጎረቤታችን ሚስባህ እንኳ እስከዛሬ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ከመደጋገሜ የተነሳ ራሴም ላምነው ምንም አልቀረኝ።

ያላሰብነው ግሪሳውን ነው። እርስዎ ያውቁታል፣ ድሮ የሚመጣው በኅዳር፣ ፍሬው ከጠነከረ በኋላ ነበር፤ ሁለት ሦስት ቀን አስቸግሮን ወደ ታች ያልፋል። አሁን ዘመኑ ተዛባ። በልጉ ከቀረብን ስንት ዓመቱ! ክረምቱም ዘንድሮ ዘግይቶ ገብቶ አፈሩን ሳያጠግብ ወጣ። አቻምና ከሲሪንቃ የእርሻ ምርምር የመጣው ባለሙያ ስብሰባ ላይ ነግሮን ነበር፤ አየሩ እየሞቀ ዝናቡ ቦታውን እየለቀቀ ነው፣ በረሃው ውስጥ የሳር ፍሬ ሲጠፋ ወፉ ቀኑን ሳይጠብቅ ወደ እናንተ ይወጣል አለን። እኛ አበሉ መቼ ይሰጠናል እያልን ነበር የሰማነው።

ይኸው በጥቅምት መባቻ፣ ማሽላው ገና ወተት ሲይዝ፣ ሰማዩን አጨልሞ ወረደ። ድሮ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ይመጣልን ነበር፤ ልጆቹ እየሮጡ እጃቸውን ያውለበልቡለት ነበር። ዛሬ የአውሮፕላን ድምፅ ስንሰማ የምንገባበት ይጠፋናል። ሚስባህ እንደ ልማዱ ማማ ላይ ወጥቶ ጅራፉን ቢያጮኸው ታጣቂዎቹ የጥይት ድምፅ መስሏቸው ተኮሱበት፤ ክንዱን መቱት፣ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ በማሳው ሁሉ ጅራፍም እሪታም የለም።

እኔን ያስፈራኝ ግን የእህሉ ነገር አይደለም። ወፍ ሰው ያለበት አያርፍም፤ ልጅዎ ደግሞ ይስላል፣ ይገላበጣል። በሦስተኛው ቀን ማማው ላይ ወጥቼ ሳይ ማሳው ሁሉ ገለባ ሆኗል፤ እሱ የተኛበት ዙሪያ ብቻ ዘለላው እንደሞላ ቆሟል። እሱን የሚፈልግ ሰው ሌላ ምልክት አያሻውም።

በነጋታው አንዱ ታጣቂ ውኃ ሊጠይቅ መጣ። የገበሬ ልጅ መሆኑ ከመዳፉ ያስታውቃል። እየጠጣ ማሳውን አየና «እዚያ መሀል ወፉ ለምን አያርፍም?» አለኝ። «ለዘር ያስቀረሁት ነው፤ ቀን ቀን እዚያ ተቀምጬ እጠብቃለሁ» አልኩት። «ታዲያ አሁን ለምን አልተቀመጥሽም?» አለኝ። «አንተን ውኃ ላጠጣ ተነስቼ ነዋ!» አልኩት። ሳቀ። «እኛም አገር ዘንድሮ ቀድሞ ወርዷል» አለና ጣሳውን መለሰልኝ። አምኖኝ ይሁን አዝኖልኝ እስከዛሬ አላውቅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅዎ በየቀኑ ቦታ ይቀይራል፤ የለቀቀውን ወፉ ይበላዋል። ማሽላችን ቶሎ እንዲያልቅ ዱዓ አደርግ ነበር ብልዎ ያምኑኛል? ይኸው አለቀ። ለዘር የምትሆን አንዲት ዘለላ አልተረፈችም። የቀረው አገዳው ነው፤ እሱንም ታጣቂዎቹ ለበቅሎዎቻቸው ማጨድ ጀምረዋል፣ ከታች በኩል ግማሽ ደርሰዋል። በጣም ፈርቻለሁ። ልጅዎ ቅዳሜ በበረሃው በኩል፣ ወፉ በመጣበት መንገድ ሊወጣ ቆርጧል። እኔ ልከተለው አልችልም፤ መንገዱ ውኃ የለውም፣ እኔም ከመስከረም ወዲህ ጧት ጧት የቀመስኩት አይረጋልኝም።

እሱ ከደረሰ ሁሉንም በአፉ ይነግርዎታል፤ ያኔ ይህን ወረቀት እሳት ውስጥ ይጨምሩት። ካልደረሰ ግን አደራ፣ አይቅደዱት። ቀኑን ከላይ ጽፌዋለሁ። ደሴ ነው ብዬ በገዛ አፌ አውርቻለሁና ነገ ሆዴ ሲገፋ መንደሩ ጣቱን ቢቀስርብኝ፣ ልጅዎ እስከ ጥቅምት እዚሁ ከእኔ ጋር እንደነበረ የሚመሰክርልኝ ከእርስዎ በቀር ሰው የለኝም።

ብርድ ልብሱንና ድስቱን ወስደውብናል። ልጅዎን ያዘሉበትን አንቀልባ ግን እህል ጉድጓዱ ውስጥ ደብቄ አተረፍኩት። ቆዳው ደህና ነው። ማሰሪያው ላልቶ ነበር፤ እሱን እያጠበቅሁ ነው።

አላህ ጉልበትዎን ይጠግንልን፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ በሰላም ያገናኘን።

ምራትዎ