ጽዋውን ሳይቀምሱ ያሳልፉ የነበሩት መጋቢ

መጋቢ፣ የውኃ ጉድጓድ በመቆፈር ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸውና የሰው ልብስ እያጠቡ ቤቱን ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው፣ ከወንዙ ማዶ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች ስለሚውሉ ማታ የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም ይባላል። እናታቸው ግን የሰፈሩን ሰው ሁሉ በእድፉ ስለሚያውቁት ማንንም አይፈሩም ነበር። መጋቢ በማን እንደወጡ ለዚህ ጉባኤ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት፣ መጋቢ እንደ ልጃቸው ያሳደጉኝ የእህታቸው ልጅ ነኝ። የሽማግሌዎች ኮሚቴ "ባጭሩ አድርገው፣ ሰው ፀሐይ ላይ ይቆማል" ብሎኝ ነበር። ፀሐይ ላይ የቆመ የለም። ሁላችሁም ተቀምጣችኋል፤ ሳጥኑም ከፊታችሁ ነው። መጋቢን ዛሬ ማን እንደሚሸከማቸው ገና አልተቆረጠም። ያልተቆረጠበት ምክንያት ሕይወታቸው ውስጥ ስላለ፣ ከመነሻው ቢሰማ ይሻላል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ጀምረው በማታው ክፍለ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። የሒሳብ መምህራቸው "አንተ ልጅ፣ እሺ ማለት ያምሃል እንዴ?" እያሉ ከክፍል ያስወጧቸው እንደነበር ራሳቸው ያወጉ ነበር። አባታቸው በሳንባ ሕመም ሲያርፉ፣ በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ሆነው ተቀጠሩ። ስለ ጉባኤ የሚያውቁትን የተማሩት በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳይሆን በዚያ አውቶቡስ ላይ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሊሄድ ከፍሎ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን በሩ ላይ ተገትሮ መንገድ ይዘጋል፤ ከኋላ ባዶ ቦታ እያየ "ሞልቷል" ይላል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚሳፈረውን ሁሉ ይጠላል። ይህን ከመድረክ ሲናገሩ ትስቁ ነበር። ስለ ሌላ ሰው የሚናገሩ መስሏችሁ ነበር።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው ከዝናብ ለመጠለል ወደ አንድ የጸሎት አዳራሽ ገቡ። በዕለቱ የሰበኩት ሰው እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልተናገሩም። ነገር ግን ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት ወጣት ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ ውስጥ ጠጋ ብለው ለረጠበው ሰው ቦታ ለቀቁ። መጋቢ ጌታን የተቀበሉት በዚያች ቦታ ተቀምጠው ነው። ወጣቷም ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤታቸው ሆኑ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደው ለቁም ነገር አብቅተዋል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሲመረቁ ወደዚህ ጉባኤ ተላኩ። በዚያን ጊዜ ይህ አዳራሽ የእንጨት መጋዘን ነበር፤ ሲዘመር ከጣሪያው ሰጋቱራ ይረግፍ እንደነበር ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። መጋቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ባገለገሉበት ዘመን ያላንኳኩት በር፣ ያላስታመሙት በሽተኛ አልነበረም። ከሁሉ የሚታወቁት ግን በአንድ ልማዳቸው ነበር። የጌታ እራት በሚቀርብበት እሑድ ዋዜማ በየቤቱ እየዞሩ ያንኳኳሉ፤ ሲከፈትላቸው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ "ማንን አኩርፋችኋል?" ይላሉ። ያኮረፈውን ጫማውን እስኪያደርግ ጠብቀው ወዳኮረፈው ሰው ደጅ ይወስዱታል። ፋርማሲ ያለችው እኅታችን መጋቢ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲሉ ከጎረቤቷ ጋር በር ላይ ቆማ ከት ብላ ትስቅ ነበር። ሁለቱ በሌላ ቀን ሲሳሳቁ ያየ የለም። መጋቢም አይሸነፉም፤ "እንግዲህ ስትሥቁ ደረስኩ፣ ጨዋታውን ለእኔም ንገሩኝ" ብለው ደጃፉ ላይ ይቀመጡባቸው ነበር።

ስለ ጉባኤ ኑሮ የነበራቸው አስተያየት ጣፋጭ አልነበረም። ሰው ለብቻው ሲጸልይ መልአክ ነው፣ ሁለት ሲሆን ኮሚቴ ነው ይሉ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ትሑት አይደለም፤ ግማሹ ቀድሞ ለመውጣት ነው ይሉ ነበር። እንዲህም ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ማለት ከማትመርጠው ሰው ጋር መቀመጥ ነው፤ የመረጥከውን ብቻ ይዘህ የምትቀመጥበት ቤት የራስህ ሳሎን ነው ብለው ያምኑ ነበር። በዚህ እምነታቸው ነው የተባረሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ የሆኑት ልብስ ሰፊ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው እናት ነበሯቸው። እማማ አየር ለማግኘት በግራ በኩል ካለው መስኮት ሥር ካልሆነ አይቀመጡም ነበር። አዳራሹ ሲሰፋ ሥራውን የመሩት ሌላው ሽማግሌያችን፣ ግንበኛው፣ ማንንም ሳያማክሩ ያንን መስኮት በጡብ ደፈኑት። ግንበኛው የመጋቢ ባለቤት ታላቅ ወንድም ናቸው። በቀጣዩ እሑድ እማማ መጡ፤ ግድግዳውን አዩት፤ "ልጄ፣ እዚህማ እታፈናለሁ" ብለው ወጡ። ሁለተኛ አልተመለሱም። በዚያው ክረምት እቤታቸው ዐረፉ።

ከቀብር በኋላ በነበረው የሽማግሌዎች ስብሰባ ልብስ ሰፊው ተነሥተው "እናቴን በጡብ ገደልካት" አሉ። ግንበኛውም ከወንበራቸው ሳይነሡ "እኔ የዘጋሁት መስኮት ነው፤ አሮጊት አልዘጋሁም" አሉ። መጋቢ ለሁለቱም የሚበቃ ሥራ ሰጧቸው። ግንበኛውን ግድግዳውን እንዲከፍቱ ለመኗቸው፤ "የደፈንኩትን ብከፍት ገዳይ መሆኔን አመንኩ ማለት ነው" አሉ። ልብስ ሰፊውን ይቅር እንዲሉ ለመኗቸው፤ "መጀመሪያ ይፍረስና እንነጋገራለን" አሉ። እናንተም ዝም አላላችሁም። ከፊላችሁ በመስኮቱ ወገን፣ ከፊላችሁ በግድግዳው ወገን ሆናችሁ ተቀመጣችሁ። ዘመድ ከዘመዱ ተለይቶ መተላለፊያውን እንደ ወንዝ ተሻግሮ ይተያይ ጀመር።

የጌታ እራት እሑድ ደረሰ። መጋቢ ማዕዱ ፊት ቆመው ጨርቁን ሳያነሡ "ዛሬ የሚቆረስ የለም። ሂዱና ሁለት ሰው አስታርቃችሁ ኑ" አሉ። በመጀመሪያው ወር ሳቃችሁ። በሁለተኛው አጉረመረማችሁ። በሦስተኛው ከሽማግሌዎች አንዱ "የቀጠርንዎት እንዲያበሉን ነው ወይስ እንዲያስርቡን?" አሏቸው። መጋቢም "ይራብ። ሰው ሲርበው አይደል ጎረቤቱን የሚያስታውሰው?" ብለው መለሱ። መልሳቸው ከመጋቢ አፍ የማይጠበቅ ነው ተባለ። በጓሮው ቢሮ፣ በነዚያ እግራቸው በሚንቀጠቀጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ድምፅ ተሰጠ። ግንበኛውና ልብስ ሰፊው ከመስኮቱ ወዲህ የተስማሙበት ብቸኛ ነገር መጋቢን ማሰናበት ነበር። ሁለቱም እጃቸውን በአንድ ጊዜ አነሡ፤ ያኔም ሳይተያዩ።

ኮሚቴው እዚህ ላይ "በገዛ ፈቃዳቸው ከአገልግሎት ዐረፉ" ተብሎ እንዲጻፍ አሳስቦኛል። አላረፉም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቤት ወጥተው ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ባለች ክፍል ተከራዩ፤ በስድሳ ዓመታቸው በአውቶቡስ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሆነው ሠሩ። የስብከት ድምፃቸው "በተራ! በተራ!" ለማለት ዋለ። በምትካቸው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ያላቸው መጋቢ መጡ፤ ማዕዱም በወሩ ቀረበ፤ ሁሉም በላ፤ ሁሉም ጠጣ።

መጋቢ ግን አልቀሩም። ሌላ ጉባኤ፣ ያውም ሁለት መንገድ ብቻ አለፍ ብሎ፣ ነበረላቸው፤ "የተጣላሁት ከዚህኛው ጋር ነው፣ እዚያ ምን እሠራለሁ?" አሉ። ለዐሥራ አንድ ዓመት በየእሑዱ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጽዋው ሲደርሳቸው ተቀብለው ጥቂት ይይዙትና ሳይቀምሱ ከጎናቸው ላለው ያሳልፉታል። "ጾመኛው" የሚል ቅጽል አወጣችሁላቸው። አንዳንዶቻችሁ ጽዋው ከሳቸው እጅ እንዳይደርሳችሁ ከወንበራቸው ራቃችሁ። ያ ወንበር በመጨረሻ ለመጋቢና ለባለቤታቸው ብቻ ቀረ።

ባለቤታቸው ይጠጡ ነበር። "እኔ ኃጢአተኛ ነኝ፣ ያስፈልገኛል" ይላሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ እሰማ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ እግዜር እንኳ እንዳንተ አይገግምም!"

"እግዜር ጊዜ አለው። እኔ የለኝም።"

መጋቢን ጻድቅ ላደርጋቸው አልጻፍኩም። ግትር ነበሩ። ታናሽ ልጃቸው በዚሁ አዳራሽ ስታገባ ከሙሽሮቹ ጋር ከማዕዱ እንዲካፈሉ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው፤ ስመው አነሷት እንጂ አልተካፈሉም። ልጃቸው ዓመት ሙሉ አላነጋገረቻቸውም። በዚያ ዓመት መጋቢ ማታ ማታ በጨለማ ተቀምጠው የጎማ ጠጋኙን መዶሻ ሲያዳምጡ አይቻለሁ። ሰው ማስታረቅ ለሚያውቅ ሰው የራሱ ልጅ አኩርፋው መኖር ምን እንደሚመስል የሚጠይቃቸው አንድ ሽማግሌ እንኳ አልመጣም። በየዋዜማው የሌላውን በር ሲያንኳኩ የኖሩትን ሰው በር ማንም አላንኳኳም። በመጨረሻ የመጣችው ልጅቷ ራሷ ናት።

ባለፈው ክረምት ልባቸው ደከመ። ሆስፒታል ሲተኙ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሊጠይቋቸው መጡ፤ እንዳይገናኙ ግንበኛው ጠዋት፣ ልብስ ሰፊው ማታ። መጋቢም ለየብቻ አንዳንድ ነገር ለመኗቸው። ለግንበኛው "ሳጥኔን ከፊት በቀኝ በኩል ያዙልኝ" አሏቸው፤ ግንበኛውም እያለቀሱ ቃል ገቡ። ለልብስ ሰፊው "ከፊት በግራ በኩል ያዙልኝ" አሏቸው፤ እሳቸውም ቃል ገቡ። ሁለተኛው ማን እንደሆነ ግን ለአንዳቸውም አልነገሩም። ሁለቱ ከሄዱ በኋላ ያ የታመመ ፊታቸው እንደ ልጅ ሲስቅ አየሁት። ባለፈው ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው ለሁለቱ ሽማግሌዎች እውነቱን ነገሯቸው። ግንበኛው "ቃሌን አላጥፍም፣ እሱ ይቅር" አሉ። ልብስ ሰፊውም "ቃሌን አላጥፍም፣ እሱ ይቅር" አሉ። መቃብሩን በጡብ አሳምረው የገነቡት ግንበኛው ናቸው። መጋቢ የለበሱትን ሙሉ ልብስ ያለ ዋጋ የሰፉት ልብስ ሰፊው ናቸው። አንዳችሁ አልብሳችኋቸዋል፤ አንዳችሁ አልጋቸውን አንጥፋችኋል። በመካከል ያለችውን ይህችን አጭር መንገድ ነው የከለከላችኋቸው።

ኮሚቴው አራት ጎረምሶች ይሸከሟቸውና ነገሩ ይለቅ ብሎ ነበር። ባለቤታቸው እንቢ አሉ። "ባሌ ለጽዋ ዐሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል፤ አሁን ጥቂት ቢጠብቅ አይሞትም" አሉ።

መጋቢ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህን የጻፍኩትን የእህታቸውን ልጅ፣ እንዲሁም ያልታረቀ ጉባኤ ትተው ሄደዋል።

በእጃችሁ በያዛችሁት ወረቀት ላይ የቀብሩ ሰዓት ያልታተመው ማተሚያ ቤቱ ረስቶ አይደለም። ሰዓቱ በሁለት ሰዎች እጅ ነው፤ አንደኛው በመስኮቱ ወገን፣ አንደኛው በግድግዳው ወገን ተቀምጠዋል። ሌሎቻችን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ምሳ የሚደርስበት፣ ሥራ የሚጠብቀው ሰው ካለ በጎኑ ያለውን ሽማግሌ ያናግር።

የመጋቢን ነፍስ አምላካቸው በደጋጎች ማኅበር፣ ማንም ማንንም በማያኮርፍበት ማዕድ ላይ ያስቀምጥልን። ነፍሳቸው ደርሳለች። ሥጋቸውን አንሡልን።