ፎቶው ላይ ያየኸው ጎማ እሱ አይደለም

ይድረስ ለተከበርከው፣ ለተወደድከውና በየገበታው ስምህ ለሚነሳው ወንድሜ፤

እኔ ታናሽ እህትህ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ጤንነትና በንጹህ አእምሮ ሆኜ የሚከተለውን እናዘዛለሁ። ባለፈው ወር እማዬ «ፎቶ አንሺና ለወንድምሽ ላኪለት፣ እሱ ያውቃል» ብላ ያዘዘችኝ የማሠልጠኛ መኪናዋን የፊት ቀኝ ጎማ ነበር። እኔ ግን አንስቼ የላክሁልህ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የተኛውን ትርፍ ጎማ ነው። አውቄ ነው ያደረግሁት። እጄ አልተሳሳተም፣ ብርሃኑም ደህና ነበር።

ሰላምታ እንደሚቀድም አውቃለሁ፤ ግን ኑዛዜው እየገፋ አላስቆም አለኝ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? በጣም ደህና ነህ? የልብስ ማጠቢያው እንፋሎት ዓይንህን መቆጥቆጡን ተወልህ? የእጅህ መሰነጣጠቅስ? ትበላለህ? ትተኛለህ? አብሮህ የሚኖረው ልጅ ማንኮራፋቱን ቀነሰ ወይስ አንተ ለመድከው? እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ ከጎማው በቀር።

ለምን እንዳደረግሁት ልንገርህ፤ ቅናት ነው። ሌላ ስም ልፈልግለት ሞክሬ ነበር፣ አልመች አለኝ። እዚህ ቤት ውሃ ቢቋረጥ «እሱ ቢኖር ኖሮ» ነው፤ ሬዲዮው ቢንኮሻኮሽ «እሱ ቢኖር ኖሮ» ነው። ባለፈው ድመቷ ስትወልድ እንኳ አባዬ «እሱ ቢኖር ኖሮ» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ምን ልታደርግላት እንደነበር ብጠይቀው አኮረፈኝ። አንተ እዚያ የሰው አንሶላ እያጠብክ ስለ መኪና ትጠየቃለህ፤ እኔ እዚሁ መኪናዋ አጠገብ ቆሜ «አንቺ ደግሞ ከመንገድ ዞር በይ» እባላለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላህ እማዬ በልምምድ ሜዳው መሪ ያስያዘችህ ትዝ ይልሃል? እኔም ሞላኝ። «እማዬ፣ የእኔስ መቼ ነው?» ስላት «ጎማው ይዳን» ትለኛለች። ታዲያ ያ ጎማ ታሞ የተኛ አማች ይመስል ሁላችንም የእሱን መዳን እንጠብቃለን።

የበሽታው ነገር እንዲህ ነው። የእማዬ የማሠልጠኛ መኪና የፊት ቀኝ ጎማዋ የሚበላው ከውጪ በኩል ብቻ ነው። ከውስጥ በኩል ጥርሱ እንደ አዲስ ነው፤ ከውጪው ግን እንደ አባዬ አናት ለስልሷል። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጎማ ጨረሰ። ጎሚስታውን ታውቀዋለህ፣ ጎማ በጥፊ እየመታ ጆሮውን ስለሚለጥፍበት ሁሉም «ዶክተር» የሚለውን ሰውዬ። አላይመንቱን፣ ማለትም የጎማዎቹን ቀጥ ብሎ መቆም፣ ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለቱንም ጊዜ «እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ። ይህን ጊዜ አባዬ ልብስ እንደሚለካ ሁሉ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መኪናዋን አየና «እስቲ ልጠይቃችሁ፣ በቀኝ በኩል የሚቀመጠው ማን ነው?» አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ በቀኝ በኩል ተቀምጣ የምታሠለጥነው ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። እማዬ ረጋ ብላ «የምትቀመጠውማ አንተን ሃያ ዓመት የተሸከመችው ናት» አለችው። ዶክተር የመኪና ማንሻ ክሪክ ልፈልግ ብሎ መኪናዋ ስር ገባ፤ ክሪኩ እጁ ላይ ነበር። አባዬ ሁለት ቀን ሙሉ ምሳውን ለብቻው በላ።

ከዚያ በኋላ ነው «ለወንድምሽ ላኪለት» የተባለው። ያ ትርፍ ጎማ ድሮ ንፋስ በዝቶበት ይነዳ ስለነበር የተበላው መሃል ለመሃል ነው። አንተም ፎቶውን አይተህ «ንፋስ በዝቶበታል፣ ቀንሱለት» ብለህ መለስክ። ላየኸው ጎማ መልስህ ትክክል ነው፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ደስ አይለኝም። የእኔ ሐሳብ ግን እማዬ መልስህን ስታነብ ወደ ጎማው ዞር ብላ «እንዴ፣ መሃሉ መቼ ተነካ? ይሄ ልጅ ምን ነካው?» እንድትል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንዲት ደቂቃ፣ እንድትሳሳት ፈልጌ ነበር። ምን እንዳለች ታውቃለህ? «ሩቅ ያለ ሰው ነገርን በጥሞና ያያል» አለች። ዓይኗ እያየው! ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው መለኪያዋን ይዛ ቁጢጥ ብላ ከአራቱም ጎማ በስምህ ንፋስ ታወጣለች። ያ «ፍስስ» የሚለው ድምፅ አንጀቴን ነው የሚበላው።

እኔም እልህ ያዘኝና ምክንያቱን ራሴ ልፈልግ ተነሳሁ። እማዬ መስቀለኛ መንገድ ከምትሥልበት ሰሌዳ ጠመኔ ወሰድሁና በፊት ቀኙ ጎማ ጥርስ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አሰመርኩ። አንዱ ተማሪ ከበሩ እስከ ውሃ ታንከሩ ቀጥ ብሎ ሲነዳ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ደበዘዘ። እንደገና አሰመርኩ። አሁን ሜዳውን አንዴ ዞረ፤ ከውስጥ በኩል ጠመኔው ገና ይታያል፣ ከውጪ በኩል ግን እንደተላሰ ጠፍቷል። ከዚያ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቆጠርሁ። በአንድ ጠዋት አርባ አንድ ዙር ዞሩ፤ አርባ አንዱም ወደ ግራ። ወደ ግራ ሲዞሩ ተማሪው ሜዳው ላይ የተተከሉትን ዘንጎች በራሱ መስኮት ስለሚያያቸው አይደናገጥም፣ እማዬም አትጮህም፤ ስለዚህ ሁሌም ወደ ግራ ነው። መኪናዋ ደግሞ ወደ ግራ በዞረች ቁጥር ክብደቷን በቀኝ ትከሻዋ ላይ ትጥላለች። ባልዲ ሃያ ዓመት በአንድ እጅ ብቻ ብትሸከም የአንተስ ትከሻ ቀና ብሎ ይቀር ነበር? በሽታው ከብረቱ አይደለም፤ ከእማዬ ልማድ ነው።

ነገርኳት። «እማዬ፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ ብቻ ስለምታዞሪያቸው ነው» አልኳት። «አንቺ ደግሞ እኔን መንዳት ልታስተምሪኝ ነው? ስንቱን ሹፌር ያወጣሁ ሰው!» አለች። አባዬ ደግሞ «ተያት፣ ምላጭ መቼም መቁረጥ አያቅታትም» ብሎ ሳቀ። ያወጣህልኝ ቅጽል ስም ይኸው እንደዚህ ያገለግላል። አንተ ሌላ ጎማ አይተህ የላክሃት አንድ መስመር ሕግ ሆነ፤ እኔ ትክክለኛውን ጎማ በእጄ ዳስሼ ያመጣሁት ምላስ ተባለ።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር። ቅዳሜ ግን ዝናብ ጣለ። እማዬ ፈተና የደረሰበትን ጸጉር አስተካካይ ይዛ ወደ ትልቁ መንገድ ወጣች። ሰውዬው መታጠፊያው ላይ መሪውን ሲያዞር መኪናዋ አልታጠፈችለትም፤ ንፋሱ በጎደለው ጎማ ላይ ተንሸራታ የመብራቱን ምሰሶ ልትመታ አንድ ክንድ ሲቀራት እማዬ በራሷ በኩል ባለው ፍሬን አቆመቻት። ማንም አልተጎዳም። ግን ቤት ገብታ ውሃ ስትጠጣ ብርጭቆው ጥርሷ ላይ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት። እሑድ ጠዋት ደግሞ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቁጢጥ ብላ «አሁንም በዝቶበት ይሆናል» እያለች ተጨማሪ ንፋስ አወጣችለት።

ሮጬ ወደ ዶክተር ሄድሁና «ንፋስ ሙላልን» ስለው «ወንድምሽ ቀንሱ ብሏል አይደል?» አለኝ። እማዬን ደግሞ ሁለቴ ልነግራት አፌን ከፈትሁ። እውነቱን ብነግራት መሪ የምይዘው ጸጉሬ ሲሸብት እንደሆነ አሰብሁና መልሼ ዘጋሁት። ይህን ሰበብ ራሴም አልወደድሁትም። የመኪናዋ ዓመታዊ ምርመራ የዛሬ አሥር ቀን ነው፤ በዚያ ጎማ ካለፈች ተአምር ነው፣ ከወደቀች ደግሞ እማዬ ሥራ የላትም። ከሁሉም በላይ ግን ዝናቡ ገና አላባራም።

ስለዚህ አንተ ንገራት። ስልኩ የእሷ ስለሆነ ነው በወረቀት የምጽፍልህ፤ የዶክተር እህት ልጅ ነገ ወደ እናንተ ከተማ ስትጓዝ ይዛልህ ትመጣለች። እንደደረሰህ ደውልና ንፋሱ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ እንደተጻፈው ቁጥር ዛሬውኑ ይሞላ በላት፤ የተበላው ይቀየር፤ ከዚያ በኋላ እኩሌታው ዙር ወደ ቀኝ ይሁን በል። እንዴት አወቅህ ብትልህ «አሰብሁበት» በል። ለአንተ ይበቃሃል፤ ለእኔ ነው ማስረጃ የሚጠየቀው። ይሄ ሁሉ የእኔ ግኝት በአንተ አፍ ሲነገርና እማዬ «አላልኳችሁም?» ስትል እኔ እዚያው ቆሜ እሰማለሁ። አሁኑኑ እየሰማሁት ነው። ቢሆንም በላት። የወንድሜ ጎበዝነት ከሚቀንስ የእናቴ ዕድሜ ይርዘም፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለማንም እንዳታነብ።

አብሮህ ለሚኖረው አንኮራፊ ሰላም በልልኝ። ለቤት አከራይህ ለባልቴቷ ደግሞ ያን ሹራብ ስለሰጡህ እጃቸውን ሳምልኝ። አባዬን በጣም ናፍቀኸዋል፤ ያን ዕለት መኪና ስር ገብቶ ስለሸሸው ከዶክተር ጋር ባይነጋገሩም ሁለቱም ሰላም ብለውሃል። ድመቷና አራቱ ልጆቿም ያለ አንተ እርዳታ ደህና ናቸው።

ከልምምድ ሜዳው ጥግ፣ ከአግዳሚው ወንበር
ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ቆይ፣ የሞተሩ ድምፅ ቆሟል። ከኋላዬ ሰው አለ። እማዬ ናት፤ ምላጭ አላለችኝም፤ በሙሉ ስሜ፣ ከነአባቴ ከነአያቴ ጠራችኝ። ቀና ብዬ ማየት ስለፈራሁ ነው የምጽፈው። ከየትኛው ገጽ ጀምራ እያነበበች እንደነበር አላውቅም። «ጨርሺውና ተነሺ» አለች። «መጀመሪያ ንፋስ እናስሞላለን። ቁልፉን አንቺ ያዢው።»

ወንድሜ፣ አንተን ልትቀጣህ ስትጠራህ ቁልፉን ያዝ ብላህ ታውቃለች?