ባለባርኔጣው ያለውን በትክክል ላስረዱን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የፊልም ማሰራጫ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ሰላም፣ የኢንተርኔት መስመርዎም ፍጥነት እንደምን ሰንብቷል? እኛ በድርጅትዎ ቸርነት ደኅና ነን። ምስሉ አይቆራረጥም፣ ድምፁም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሳሎናችን ውስጥ ከእርስዎ ተዋናዮች በቀር አፉን የሚከፍት ሰው ስለሌለ የሚሻማቸው የለም።

እኔ መነጽር ሠሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሌንስ እየሞረድኩ ሰዎች አጥርተው እንዲያዩ የማደርግ ሴት ስለሆንኩ፣ ነገርን ግልጽ ማድረግ ምን ያህል የተከበረ ሥራ እንደሆነ ለእርስዎ ለማስረዳት አልደፍርም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተቆጥቼ እንዳልሆነ ግን አስቀድሜ ማሳወቅ እወዳለሁ። ቁጣ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ፈልጌ አጣሁት። ጠዋት እነሣለሁ፣ ሥራ እውላለሁ፣ ተመልሼ ሶፋው ላይ እቀመጣለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። የደነዘዘ ሰው ደብዳቤ ነውና ቢቀዘቅዝብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት ቤተሰባችንን ላስተዋውቅዎ። አባታችን ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጭነት ይዘው ድንበር ሲሻገሩ ነው፤ እኔና ወንድሜ የተወለድነውም፣ ጥርስ ያወጣነውም፣ ትምህርት ቤት የገባነውም እርሳቸው መንገድ ላይ ሳሉ ነው። ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ወደ ቤት ተመለሱ። እናታችንም በሩን ከፈቱላቸው፣ አልጋ አነጠፉላቸው፣ ምግብ አቀረቡላቸው፤ ከዚያ በተረፈ ግን ሁለቱ የሚነጋገሩት ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧና ስላለቀው ጋዝ ብቻ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሥራው ሊፍት መጠገን ነው፤ ሪሞቱን ከእጁ ስለማይለይ ሪሞት እያልን እንጠራዋለን። የድርጅትዎን አገልግሎት ቤታችን ያስገባው እሱ ነው፤ ምክንያቱን ሲጠየቅም እነዚህ ሁለት ሰዎች ቢያንስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዩ ብዬ ነው አለ።

ዓላማው ተሳካለት። አባታችን ከፊልሞችዎ መካከል ድንበር ማዶ የሰሙት ቋንቋ የሚነገርበት አንድ ተከታታይ ድራማ አገኙና፣ ይህን ቋንቋ እኔ አውቀዋለሁ፣ ቁጭ በሉ፣ እየተረጎምኩ አሳያችኋለሁ አሉን። ከስክሪኑ ግርጌ የሚጻፈው እኛ በማናነበው ሌላ ባዕድ ቋንቋ ስለነበር ከእርሳቸው አፍ በቀር ተስፋ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ከእራት በፊት ሁላችንም እንሰበሰባለን፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም የራሷን ወንበር ተሸክማ ትመጣለች።

ድራማው ኮረብታ ላይ ባለ የድንጋይ ቤት ብቻዋን ስለምትኖር አንዲት ሴትና በየጊዜው አጥሯ ድረስ ስለሚመጣ ባርኔጣውን የማያወልቅ አንድ ሰው ነው። አባታችን እንደነገሩን ሰውየው ለሥራ ርቆ ብዙ ዘመን የቆየና የተመለሰ ባሏ ነው፤ ወደ ቤት ለመግባት ድፍረት አጥቶ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያወራታል። ሦስት እግር ያለው መሣሪያ ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ፣ ፎቶዋን ሊያነሣ ነው፣ መንገድ ላይ ሊይዘው አሉን። ሴትየዋ ባልዲ ሙሉ ውሃ ስትደፋበት ደግሞ፣ ትክክል ናት አሉ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አባታችን በቀን አሥር ቃል የማይወጣቸው ሰው ነበሩ። በድራማዎ ሰዓት ግን ይናገሩ ነበር። አንድ ምሽት ባለባርኔጣው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እንዲህ ብለው ተረጎሙ፦ ልጃችን የተወለደች ዕለት ኬላ ላይ ሰልፍ ይዤ ነበር፤ ስልክ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ምን እንደምልሽ ስላጣሁ ሳልደውል ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ሪሞት፣ መኪናው ታዲያ የት አለ፣ እስካሁን አንድም ቀን አላየነውም ብሎ ጠየቀ። ኮረብታው አያወጣለትም፣ ከታች አቁሞት ነው አሉት።

እናታችን የሚያጣጥፉትን ልብስ ጭናቸው ላይ እንደያዙ ስክሪኑን እያዩ፣ ለሴትየዋ ምክር ይሰጡ ነበር። አትመልሽለት፣ በመጀመሪያ ልጆቹ ትኩሳት ሲይዛቸው ሌሊት ማን ተሸክሞ እንደሮጠ ይጠይቅሽ አሉ። በማግሥቱ ባለባርኔጣው ይህንኑ ጥያቄ ጠየቀ። እናታችን ሌላ ቀን፣ ጠየቀ ማለት ተጸጸተ ማለት አይደለም አሉ፤ ባለባርኔጣው በሚቀጥለው ክፍል ስለ ጸጸት ረጅም ንግግር አደረገ። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች፣ እንዲህ ያለ ደራሲ እጁን ይባርከው ትል ነበር። በመጨረሻ አንድ ምሽት እናታችን ካልሲ እያጣመሩ፣ ነገ በሩን ትክፈትለት፣ ይበቃዋል አሉ። አባታችን ያን ምሽት እራታቸውን ጨርሰው ሳህናቸውን ራሳቸው አጠቡ።

ይህን ያህል ለመግቢያ ካልኩ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ አባታችን ሳህናቸውን ባጠቡ ማግሥት ቴሌቪዥኑን ስንከፍት ድርጅትዎ ለእኛው ምቾት ሲል፣ ሳንጠይቀውና ሳይጠይቀን፣ ድራማውን በገዛ ቋንቋችን በሚናገሩ ሰዎች ድምፅ ለውጦ ስለጠበቀን ከልብ እናመሰግናለን። ሌላ ድርጅት ቢሆን ይህን የመሰለ ውለታ ከመዋሉ በፊት ፈቃድ እየጠየቀ ሰውን ባንገላታ ነበር።

ሁለተኛ፦ ለትርጉምዎ ትክክለኛነት። ድርጅትዎ እያንዳንዱን ክፍል የሚጀምረው ያለፈውን በማስታወስ ስለሆነ፣ ያንኑ አጥርና ያንኑ የተደገፈ ሰው እንደገና ለማየት ታደልን። ባለባርኔጣው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ በሚያምር ጎርናና ድምፅም፣ እመቤቴ፣ የኋላ ግድግዳዎ ከመስመሩ ሁለት ሜትር ወጥቷልና መንገዱ ሲመጣ መፍረሱ አይቀርም አለ። ሰውየው ለካ የመንገድ ቀያሽ ኖሯል። ባል አልነበረም፣ ከየትም አልተመለሰም፣ ልጅም የለውም። አባታችን ከዚያ ቋንቋ የሚያውቁት ጎማ፣ ናፍጣ፣ ፍሬን፣ ኬላና የእግዜር ሰላምታ ብቻ እንደነበር ኋላ ተረዳን፤ ለፍትሕ ያህል ግን የሌላ ሰው መኪና በታየባቸው ትዕይንቶች ሁሉ ትርጉማቸው እንከን እንዳልነበረበት መመስከር ይኖርብኛል።

ልብስ ሰፊዋ፣ ውይ ጋሼ፣ ባልየው ቀያሽ ሆኖ አረፈው እኮ አለችና ሳቀች። ክፉ ሴት አይደለችም። ሪሞትም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ እናታችን ግን አልሳቁም። አባታችን ፊታቸው ዓመድ መስሎ፣ ወገቤን አሞኛል ብለው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። በዚያ ምሽት በሩ ለማንም ሳይከፈት ክፍሉ አለቀ።

ሦስተኛ፦ እናታችን ሪሞቱን ከወንድሜ እጅ ወስደው ያችን የአጥር ትዕይንት ደጋግመው ወደ ኋላ እየመለሱ ስለተመለከቱ፣ ድርጅትዎ ፍላጎታቸውን ወዲያው ተረድቶ ስለ አስፋልት አነጣጠፍ የሚያወሱ ስድስት ፊልሞች አቅርቦላቸዋል።

አራተኛ፦ በስልክ ያነጋገረኝ የደንበኞች ረዳትዎ ችግሬን በትዕግሥት ሰምቶ፣ የቀድሞውን ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ቅንብር ውስጥ መልሼ ማምጣት እንደምችል ስላስተማረኝ። እንዳለው አደረግሁ። ባለባርኔጣው እንደ ድሮው በማናውቀው ቋንቋ መናገር ጀመረ፤ እኛም ተቀምጠን ሰማነው። እናታችን ልብስ አልያዙም፤ ዓይናቸው ከስክሪኑ ይልቅ ወደ መኝታ ቤቱ በር ነበር። አባታችን ግን አልወጡም። ልብስ ሰፊዋ ጥቂት ቆይታ ወንበሯን ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ሪሞት በስልኩ ኳስ ማየት ጀመረ፤ እኔም የራሴን ስልክ አወጣሁ። ረዳትዎ በማግሥቱ፣ ችግርዎ በመፈታቱ ምን ያህል ተደስተዋል ብሎ ጠየቀኝ። ለድካሙ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

አምስተኛውን በአጭሩ ልጽፈው አስቤ ነበር፣ አልሆነልኝም። ሰሞኑን አንድ ምሽት፣ ለልማድ ያህል ወደ ቋንቋችን መልሰን ከፍተነው የነበረው ክፍል አልቆ የተዋናዮቹ ስም ሲወርድ፣ እናታችን ተነሥተው መኝታ ቤቱን አንኳኩና አባታችንን ይዘዋቸው መጡ። ሶፋው ላይ አስቀመጧቸው። ፊት ለፊታቸው ቆመውም፣ ባለባርኔጣው ያለውን ተወው፣ እሱ ምን ቸገረኝ፣ አንተ ልትለኝ የፈለግኸው ምን ነበር አሏቸው። እናቴ በሕይወታቸው እንዲህ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። እኔ የእራቱን ሳህኖች ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አልቻልኩም። አባታችን እኔ የሠራሁላቸውን መነጽር አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ቀና ብለው እናቴን አዩና አፋቸውን ከፈቱ።

ድርጅትዎ ግን ለደንበኞቹ ካለው ትጋት የተነሣ ባዶ ጊዜ እንዳይደርስብን ይጠነቀቃልና፣ የሚቀጥለውን ክፍል በራሱ ጀመረልን። ሙዚቃው ቤቱን ሞላው። ቀያሹ በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ ልኬቱን ጨርሻለሁ አለ። ድምፁን ለማጥፋት ወንድሜ ሪሞቱን ከሶፋው ትራስ ሥር፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከራሱ ኪስ ፈለገ፤ ዕድሜውን ሙሉ ከእጁ ያልጠፋ ሪሞት ያን ጊዜ ጠፋ። ባገኘው ጊዜ አባታችን መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ እንግዳ እንደመጣባቸው ሁሉ በጨዋነት ወደ ስክሪኑ ዞረው ነበር። አጥፋው አሉት እናቴ። አባታችን፣ ተወው፣ ይጨርስ አሉ። ክፍሉን እስከ መጨረሻው አይተው ወደ መኝታቸው ገቡ። ሳህኖቹን አጥቤ ተኛሁ። አላለቀስኩም፤ የሚያስለቅስ ነገር እንዳየሁ ግን አውቃለሁ።

ይህም በራሱ የመጀመር ነገር ከቅንብሩ ውስጥ ሊጠፋ እንደሚችል ረዳትዎ በኋላ ነግሮኛል። እግዜር ይስጠው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ትርጉሙን ይመልሱልን አልልም፤ የሰማነውን አልሰማንም ማለት አንችልም። የምለምንዎ አንድ ክፍል ሲያልቅ ማሽንዎ ዝም ብሎ እንዲቆም ብቻ ነው። በዓለም ላይ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ የሚቀመጠው ፊልም ለማየት ይመስልዎ ይሆናል፤ ከመካከላችን ፊልሙ እስኪያልቅ የምንጠብቅ አለን። ሰው ሊናገር መሆኑን ማወቅ ለማሽንዎ ከከበደው፣ አንድ ሰው ተነሥቶ እስኪጫነው ድረስ ይጠብቅ። የምንጠብቀው እኛ ስንሆን ግን ከእርስዎ በላይ ልምድ አለንና ስለ እኛ አይጨነቁ።

ለድርጅትዎ ዕድገትን፣ ለተዋናዮችዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለእርስዎም በገዛ ቤትዎ ሳሎን ውስጥ የሚያቋርጥዎ የሌለበት ምሽት እመኛለሁ።

ምስሉ ሳይቆራረጥባት የምትመለከት ታማኝ ደንበኛዎ፣
የጡረተኛው ሹፌር ልጅ፣ መነጽር ሠሪዋ

ግልባጭ፦
ለድምፅ ጥራት ክፍል
ለደንበኞች ደስታ ክፍል
ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን (ወንበሯን ይዛ እንድትመለስ)

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ዛሬ ጠዋት ከድርጅትዎ የምሥራች ደርሶናል። በቅርቡ ፊልሞቻችሁን በገዛ ቤተሰባችን ድምፅ ማሰማት እንደምትችሉ ገልጻችሁ፣ ለዚህም የመረጥነው ሰው አምስት ደቂቃ ያህል ሲናገር ቀድተን እንድንልክላችሁ ጠይቃችኋል። ስለታሰብን እናመሰግናለን፤ ሆኖም አባታችን ከዚያ ምሽት ወዲህ የተናገሩት ሁሉ ቢጠራቀም አምስት ደቂቃ አይሞላም። መልእክቱን ለእናቴ ባነበብኩላቸው ጊዜ፣ ታዲያ አባትሽን ያሻነውን ሊያስብሉት ይችላሉ ማለት ነው ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ይችላሉ አልኳቸው። እናቴ ጥቂት አሰቡና፣ አይቸገሩ በያቸው፣ እኔ እሱን ስጠብቅ የመጀመሪያዬ አይደለም አሉ።