ኮምፒውተሩ የፋቀው ንቅሳት

ይድረስ ለውዱ ባለቤቴ ለጌታቸው፤

ከተለየኸን ሦስተኛው ፋሲካ አለፈ። እኔም ልጆቹም ደህና ነን። ዛሬ የምጽፍልህ ለቅሶ አይደለም፣ የምሥራች ነው፤ መርሳ ያለው ፎቶ ቤትህ አልተዘጋም!

አንተን እንደቀበርን ወንድምህ፣ "ሴት ብቻዋን ፎቶ ቤት አትይዝም፣ ቤቱ ይከራይ" ብሎ ነበር። እንቢ አልኩ። ካንተ የለመድኩት ፊልም ማጠብ ነበር፤ አሁን ፊልም ቀርቶ ሁሉም በኮምፒውተር ሆኗል። ወልድያ እየተመላለስኩ ተማርኩ። ፎቶን በራሱ የሚያሳምር ፕሮግራም አለልህ። አንዴ ስትነካው የጠቆረውን ያፈካል፣ የፊትን ጠባሳ ያጠፋል። ሙሽሮቹ ወደዱት፣ እኔም ኮራሁ።

አንድ የገበያ ቀን እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት ግድግዳቸው ላይ የሚሰቅሉት ጉርድ ፎቶ ፈልገው ከግራና መጡ። አነሳኋቸው፤ እንደለመድኩት ነካ አድርጌ አትሜ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና፣

"ልጄ፣ ይቺ የማን ልጅ ናት? የአንገቴን ንቅሳት ማን ፋቀው? እናቴ እኮ ናት ያስነቀሰችኝ!" አሉ።

ፎቶውን ተቀብዬ አየሁት። ለካ ፕሮግራሙ ንቅሳቱን እድፍ መስሎት ከነፊታቸው ሽብሽብ ጠርጎታል። "ይቀመጡ እማማ፣ መልክዎን ሳልመልስ አልሸኝዎትም" አልኳቸው። ብርሃኑን ብቻ እንዲያስተካክል ትቼ ቆዳቸውን እንዳይነካ ከለከልኩት። አዲሱን ሳሳያቸው አንገታቸውን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ "እኔው ነኝ!" ብለው እልልታውን አቀለጡት። ከዚያ ወዲህ የግራና ሴት ሁሉ ደንበኛዬ ናት። ወንድምህም ባለፈው ጥር ሰርጉን አንሺልኝ ብሎ መጣ፤ አሳምሬ አነሳሁለት።

ደግሞ ከሲሪንቃ በላይ ያለውን ተራራ አንስተህ፣ ጭጋግ ሸፍኖታል ብለህ የጣልካት፣ እኔ ግን አንስቼ ያስቀመጥኳት ፎቶ ነበረች። እሷን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባኋት። ጭጋጉ ሲገፈፍ ገደሉ፣ የማሽላው ማሳ፣ የጎጆዎቹ ጭስ ብቅ ብቅ አሉ። ያን ቀን አንተ ቆመህ ያየኸውን አየሁ፤ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ወልድያ አዲስ ሆቴል የከፈተ ሰው ፎቶ ቤቱ ውስጥ አይቷት ወደዳት፤ በትልቁ አሳተማት። ትናንት መግቢያው ላይ ስትሰቀል ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ "ይሄ የኛው ወረዳ፣ ሀብሩ ነው?" ይላል። የሆቴሉ ጌታ ከሥሯ የማን ስም ይጻፍ ብሎ ጠየቀኝ። ያንተን አስጻፍኩ። ከዚያም እዚያው ሰው መሀል ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

አልረሳህም ጌታቸው፤ አገሩም እንዲረሳህ አልፈቅድም።

ባለቤትህ የሺ፣
ከመርሳ