ጋራዡን ለእንግዳ የከፈትኩ ዕለት

ዓርብ

ወለል እንዳይቆሽሽ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ሰማያዊ ላስቲክ! ነገ በር ላይ ቆሜ ለመጣው ሁሉ የማድለው እሱን ነው። ለሙከራ አጥልቄው ደረጃው ላይ ልሰበር ነበር። የእህቴን ልጅ ሰናይትን «ሰው ጫማውን አውልቆ ይግባ፣ እንደኛ» ብላት፣ «ጋሼ በናትዎ፣ ነገ እንኳን ቀልዱ ይቅርብዎ» አለችኝ።

ነገሩ የሰፈሩ የኪችን ቱር ነው። በምንኖርበት በፓርክ ሂል የተመረጡ ሰዎች ቤታቸውን ይከፍታሉ፤ ጎረቤት እየዞረ ወጥ ቤታቸውን ያያል። ዘንድሮ የሰናይትም ተመርጧል። ነጭ ካቢኔት፣ የድንጋይ ካውንተር፣ እንደ አዲስ መኪና የሚያብረቀርቅ ምድጃ። የግድግዳውን ታይል ቪዲዮ እያየሁ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አንዷ ጠማማ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም።

ሰናይት ዛሬ እህል አልቀመሰችም። ካውንተር ስትወለውል ዋለች።

ቅዳሜ

ምን ነካኝ?

ጠዋት ጥሩ ነበር። አንዱ ታይሉን ሲያደንቅ «ሮም ሄጄ ነው የተማርኩት» አልኩት፤ ሳቁ። እኔ ደግሞ ሳቅ ከሰማሁ መቼ አርፋለሁ! አንዲት ሴትዮ «እንዲህ የሚያምር ቤት ውስጥ እንዴት ደፍራችሁ ታበስላላችሁ?» አለች። «እዚህማ ሙዚየም ነው! ዋናው ወዲህ ነው» ብዬ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያለውን የጋራዡን በር ብርግድ አደረግኩት።

አሮጌዋ ምድጃ። የሽንኩርት ከረጢት። ግድግዳው ላይ የተፈናጠረ የቁሌት ዘይት። ሰናይት ወጥ ስትሠራ የምትለብሰው ቀሚስ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሎ። ሰው እየተጋፋ ገባ። አንዱ ፎቶ አነሳ። እኔ «አዲሱ ምድጃ ላይ እስካሁን ከውሃ በቀር የፈላ የለም» እያልኩ አስጎበኛለሁ። ዞር ስል ሰናይት በሩ ላይ ቆማለች። ለእንግዳ ያዘጋጀችው ፈገግታ ፊቷ ላይ ነበር። ዓይኗን ግን አየሁት።

ማታ እራት አቀረበችልኝ። የራሷን ሳህን ይዛ ፎቅ ወጣች።

እሑድ

ሳትጠራኝ ቸርች ሄደች። ሌላ ጊዜ «ጋሼ ይነሡ!» እያለች ከታች የምኖርበትን የቤዝመንት በር ትደበድባለች።

ሃቫና ስትሪት ያለው የሐበሻ ካፌ ሄጄ ከጓደኞቼ ጋር ተቀመጥኩ። ስለ ቱሩ ጠየቁኝ። በሳቅ የሚገድል ወሬ ነበረኝ፤ «ደህና ነበር» ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ሳላውቅ ያደረግኩት ቢሆን ባልከፋ። ሃይስኩል ሳለች አንድ ቀን በበረዶ ጃኬቷን ጥላ ቤት መጣች። አውቶቡስ ላይ አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ተነሥታባት ነው፤ ጃኬቱ ወጥ ወጥ ሸቶ። ሌላ የገዛሁላት እኔ ነኝ። የራሷን ቤት ከያዘች ወዲህ ውስጥ ሽንኩርት ተቁላልቶ አያውቅም። ጋራዡ ለዚህ ነው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሰፈሩን ሰብስቤ ያስገባሁትም እኔው።

ሰኞ

ይቅርታ ልጠይቃት ወጣሁ። ካውንተሩ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ትሠራለች።

«ሰናዬ» አልኩ።

«ምግብ ማይክሮዌቭ ውስጥ አለ።»

ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። የወጣልኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስለ ጠማማዋ ታይል ቀልድ! ቀና ብላም አላየችኝ። ወረድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሳልቀልድ አንዲት ቃል መጨረስ አቃተኝ።

ማክሰኞ

በር ተንኳኳ። ሰናይት ፎቅ ላይ ስለነበረች እኔ ከፈትኩ። የማላውቀው ሽማግሌ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ስለ ሽታው ሊከስ የመጣ መሰለኝ።

«ዓሳ ስጠብስ ሚስቴ ቤቱን ጥላልኝ ትወጣለች» አለ። «ቅዳሜ እዚህ መጥታ ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ፣ እንደነሱ ጋራዥ ውስጥ ጥበስ ትለኛለች። ባየው ይቻላል?»

ቀልዱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «የቤቱን ባለቤት ልጠይቅ» ብዬ እዚያው አቆምኩት።

«ሰናይት!» ብዬ ወደ ፎቅ ተጣራሁ። «ሰናይት፣ ጋራዡን ማየት የሚፈልግ ሰው መጥቷል። እምቢ ካልሽ እመልሰዋለሁ።»

ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ከዚያ፣ «አቤት ጋሼ» አለች።

አሁን ጋራዥ ውስጥ ናቸው። ስለ ምድጃው ስታስረዳው ድምጿ ይሰማኛል። እኔ ግባ አልተባልኩም። «አቤት ጋሼ» ማለቷን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።