ጥቁሩ ገበር

ሙሌ፣ የኔ ሆድ፣

ክረምቱ ሳይገባ ነበር የተለየኸኝ፤ አሁን የመስቀል አበባ ፈክቷል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ልጽፍልህ ስነሳ ሁሉ ለቅሶ ይሆንብኛል፤ ለቅሶ ደግሞ ተከልክያለሁ። መገደልህን የነገሩኝ የቀበሌ ሰዎች በዚያው አፋቸው እንዳታለቅሺ፣ ድንኳን እንዳትጥይ፣ ጥቁር እንዳትለብሺ አሉኝ። የአራዳ ሰው የሐዘን ልብሱን የሚያሰፋው አንተ ዘንድ ነበር፤ ላንተ ግን የሚለበስ ጥቁር ጠፋ።

የስፌት ቤትህን ቁልፍ ነገ ለቀበሌ አስረክባለሁ። ለማኅበር ተፈልጓል አሉኝ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ልሰናበተው ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ከበሩ የሚገባው ብርሃን አሁንም የስፌት ማኪናህ ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው፤ ደንበኛ የምትለካበት ጥግ እንደ ድሮው ጨለማ ነው። ደንበኞችህ ሆዳቸው እንዳይታያቸው ብለህ ነው እያልኩ አሾፍብህ ነበር። የከሰል ካውያውና የማኪናው ዘይት ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። መቀስህ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያበጀውን ስርጉድ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ከእጄ ይልቅ ለስልሷል። ማኪናህ ዝም ስላለ የመንገዱ ኮቴ ሁሉ ይሰማል። ኮቴ ወደ በሩ በቀረበ ቁጥር አንተ ትመስለኛለህ፤ ሞኝነቴ አልለቀቀኝም።

ከነዚያ ኮቴዎች አንዱ የአያ ታከለ ሆነ፤ ከትክል ድንጋይ የሚመጡት ደንበኛህ። ገበያ ወጥተው ኮታቸውን ሊወስዱ ነው የመጡት። ኮቱ ገበሩ ግማሽ ድረስ ተሰፍቶ ማኪናው ላይ ነበር፣ ሲወስዱህ እንደተውከው። ምነው፣ ሙሉጌታ የት ሄደ አሉኝ። አዲ አርቃይ፣ ለሥራ አልኳቸው። ምን ልበል?

ጥቂት ጠብቀው እንዲወስዱት ብዬ የቀረውን ልሰፋው ተቀመጥኩ። ክሩን ባፌ ሳርሰው የቀለሙ ምሬት ምላሴ ላይ ቀረ፤ አንተ ከሳምከኝ በኋላ የሚቀረው ምሬት ነው። መርገጫውን ስረግጠው የማኪናህ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ስፌቴ ግን ተጣመመብኝ።

አያ ታከለ ኮቱን ገልብጠው ገበሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ያንተ ስፌት አልቆ የኔ የሚጀምርበት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ሸጋ ሰው ነበር አሉ።

ነበር። ሥራ ለሄደ ሰው እንዲህ አይባልም። እጄን ጨበጥ አድርገው፣ ኮታቸውን ደርበው ወጡ። እስካሁን የመጣልኝ ለቅሶ ደራሽ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሲወጡ ከመደርደሪያው የቀረውን ጥቁር ገበር አወረድኩ። የሴቶች ማኅበር ስብሰባ የምሄድበትን ሰማያዊ ቀሚሴን ከአንገት እስከ ጫፍ ከውስጥ ገበር አደረግሁለት። አንተ ብታየው አስፈትተህ እንደገና ታሰፋኝ ነበር፤ አንገቱ ላይ ተጨማዷል። ግን በማኪናህ የተሰፋ የመጨረሻው ልብስ ነው፣ ማንም አያስፈታኝም።

ለብሼው ነው የምጽፍልህ። ስንቀሳቀስ ገበሩ ይንሿሿል፤ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ነገ ቁልፉን ሳስረክብም እሱን ለብሼ እሄዳለሁ፤ እነሱ ሰማያዊውን ያያሉ። አልረሳህም፣ ሙሌ። ማልቀስ የሚፈቀድበት ቀን ከመጣ፣ ያኔ ባረጅም፣ ቀሚሱን ገልብጬ እለብሰውና በአራዳ መሐል ስምህን እየጠራሁ አለቅስልሃለሁ።

ያንተው የውብዳር